ሞያሌ የመንገዱ እኩሌታ እንጂ መጨረሻው አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የትምህርት ቤቶች የክረምት ዕረፍት እየተገባደደ ነው። በራሳቸው መኪና ወደ ኬንያ ወርደው ከነልጆቻቸው የሰነበቱ የአዲስ አበባ፣ የአዳማና የሐዋሳ ነዋሪዎች በዚህ ሰሞን ከናይሮቢና ከሞምባሳ ተነሥተው፣ እንቁጣጣሽን ቤታቸው ለመዋል ወደ ሰሜን ያቀናሉ። ስለ አካሄዱ የሚነግር ሰው ሞልቷል፤ የኢንሹራንሱን ጉዳይ፣ የምንዛሪውን፣ የሞምባሳን የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ዋጋ የሚያስረዳ አይታጣም። ስለ አመላለሱ ግን የምሰማው ነገር ቢኖር “እንኳን በሰላም ገባችሁ” የሚለውን ብቻ ነው። መንገዱን ከቤተሰቤ ጋር ለዓመታት የተመላለስኩበት አሽከርካሪ እንደመሆኔ፣ የዚህ ጉዞ ትልቁ አደጋ ያለው በመልሱ፣ ያውም ድንበሩን ተሻግረን “አገራችን ገባን” ካልን በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንዳመንኩና ምን ቢደረግ እንደሚበጅ ለአንባቢዎችዎና ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከናይሮቢ ተነሥቶ በናንዩኪ፣ በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል ሞያሌ ለመድረስ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከሞያሌ በያቤሎ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ሐገረ ማርያም በምንላት በቡሌ ሆራ፣ በዲላና በሐዋሳ አድርጎ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ ሌላ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። እንግዲህ ናይሮቢን ለቆ ለሚመጣ ሰው ሞያሌ የመንገዱ እኩሌታ ናት። ይህን ማንም ሰው ካርታ አውጥቶ ሊያየው ይችላል፤ ልባችን ግን በካርታ አይመራም። የጉምሩኩ ሠራተኛ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲያነጋግረን፣ ስልካችን የኢትዮ ቴሌኮምን ኔትወርክ ሲይዝ፣ ከኬላው ወጣ ብሎ ካለው ቤት የሚቆላ ቡና ሽታ ሲመጣ ጉዞው ያለቀ ያህል ይሰማናል፤ የቀረው መንገድ ከቦሌ ፒያሳ የመሄድ ያህል ይቀልብናል።

መንገዱም ራሱ ለዚህ መዘናጋት የበኩሉን አድርጓል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ሳይሆን በፊት በድንጋዩና በአቧራው የታወቀ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ቀናት ይፈጁበት ስለነበር፣ ልጆች ይዞ ለመዝናናት በዚያ በኩል የሚያልፍ የቤት መኪና ነበር ለማለት ይከብዳል። አስፋልቱ ከተጠናቀቀ ገና አሥር ዓመት ገደማው ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሁለቱን አገሮች ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሠራውን የሞያሌን የጋራ ኬላ መርቀው ከፈቱ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ እንደማይጠየቅ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የመንገዱ መሠራት ካስደሰታቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ነገር ግን ድሮ መንገዱ ወደድንም ጠላንም ያሳድረን ነበር፤ አሁን ግን “እዚህ እንደር” ብሎ መወሰን የአሽከርካሪው ፈንታ ሆኗል፤ አሽከርካሪው ደግሞ ቤቱን ናፍቋል።

የተለመደውን የመልስ ጉዞ በሰዓት ልተርክ። ቤተሰቡ ናይሮቢ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣል፤ ዕቃው ማታውኑ ተጭኗል፣ ልጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወደ ኋላ ወንበር ይገባሉ፣ 10 ሰዓት ላይ መኪናው ይንቀሳቀሳል። የኬንያን ተራራ በስተቀኝ እያዩ፣ ናንዩኪ አጠገብ የምድር ወገብን አቋርጠው፣ ከቲማው ብርዳም ደጋ ወደ ኢሲዮሎ ቆላ ይወርዳሉ። ከዚያ ማርሳቢት፣ ቀጥሎም ዓይን እስኪደክም የተዘረጋው የዲዳ ጋልጋሉ ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ይመጣል። በየከተማው መግቢያ ምልክት የሌላቸው ጉብታዎች አሉ፤ በየኬላው የኬንያ ፖሊስ ያስቆማል፤ ለምሳና ለነዳጅ ሲቆም ሰዓት ይሄዳል። ሞያሌ ሲደረስ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል። የፓስፖርቱና የጉምሩኩ ነገር ሲያልቅ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። አባወራው ሰዓቱን አይቶ “ያቤሎ 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ እዚያ ገብተን እንተኛለን” ይላል። ያቤሎ ለመድረስ ቢያንስ 3 ሰዓት ያስፈልጋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ መሪውን የያዘው ሰው እንግዲህ ከነቃ 18 ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በእንቅልፍና በማሽከርከር ላይ የተደረጉ ታዋቂ ጥናቶች፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይተዋል። 0.05 በመቶ በአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ከዚያ በላይ ጠጥቶ ማሽከርከር የሚከለከልበት ልክ ነው። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ ልጆቹን ጭኖ በጨለማ ሊነዳ የተነሣን አባት ዘመድ አዝማድ ቁልፍ ነጥቆ ያስቀረዋል፤ 18 ሰዓት ሳይተኛ የቆየውን ግን “ጎበዝ፣ አንበሳ፣ በአንድ ቀን ያቤሎ ገባ” ብለን እናደንቀዋለን።

እንቅልፍ የሚጥለው ሰው እንደተኛ አያውቅም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ከመቀመጫው ላይ አይወድቅም፣ አያንኮራፋም፤ ዓይኑ ተከፍቶ እንኳ አእምሮው ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ይጠፋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል፤ በአራት ሰከንድ ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላም ይህ በመዝገብ ላይ አይገኝም። መጠጥ በትንፋሽ ይለካል፤ የእንቅልፍ መለኪያ ግን የለም። ዜናው “አሽከርካሪው መቆጣጠር አቅቶት ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ” ይለናል፤ ለምን መቆጣጠር እንዳቃተው የሚጠይቅ የለም። እኔ በበኩሌ፣ ቀጥ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ የፍሬን ምልክት ሳይተው ከመንገድ የወጣ መኪና ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው እንቅልፍን ነው።

በእንቅልፉ ላይ የሚደረበው ሁለተኛው አደጋ የግራና የቀኝ ነገር ነው። ከጎረቤቶቻችን መካከል መኪና በመንገዱ ግራ በኩል የሚነዳው በኬንያ ብቻ ነው፤ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳንና ኤርትራ እንደ እኛው በቀኝ ይነዳሉ። ወደ ኬንያ ስንሻገር ይህ ያስፈራናል፤ ስለሚያስፈራንም እንጠነቀቃለን። አደባባይ ላይ ስንደርስ ፍጥነት እንቀንሳለን፣ ከነዳጅ ማደያ ስንወጣ “በግራ፣ በግራ” እያልን ራሳችንን እናስታውሳለን፣ ሚስትም ልጆችም ያስታውሱናል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ግራው ይለመዳል፤ እጅና ዓይን ሳይታዘዙ ወደዚያው ይሄዳሉ። በመልሱ ሞያሌ ላይ የሚያስጠነቅቀን ፍርሃት የለም፤ ምክንያቱም የምንገባው ዕድሜያችንን ሙሉ ወደነዳንበት ሥርዓት ነው። የሰለቸ አእምሮ ደግሞ የቅርቡን ልማድ ያስቀድማል።

ስሕተቱ የሚፈጸመው ኬላው ላይ እንዳይመስልዎ። እዚያ ሰልፍ አለ፣ ፊት ለፊት የሚሄድ መኪና አለ፣ የሚከተሉት ነገር አይጠፋም። ስሕተቱ የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት፣ ከሆቴል ቅጥር ወደ ባዶ መንገድ ሲወጣ፣ ለሽንት ከቆሙበት የመንገድ ዳር ሲነሡ፣ ወይም ፍየል ለማሳለፍ ቆመው እንደገና ሲንቀሳቀሱ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን ያቤሎ መገንጠያ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁርስ እየበላን ያየነውን ልንገርዎ። ኮድ 2 የአዲስ አበባ ታርጋ የለጠፈች መኪና፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ሻንጣና የተነፈሰ የልጆች መዋኛ ጎማ ታስሮባት፣ ከሆቴሉ በር ወጣች። አሽከርካሪው ወደ ሰሜን ታጠፈና የመንገዱን ግራ ይዞ፣ ምንም ሳይጨነቅ፣ ማርሽ እየቀያየረ ሄደ። መንገዱ ላይ ሌላ መኪና ስላልነበረ ያስታወሰው ነገር አልነበረም። የሆቴሉ ዘበኛ ዱላውን ጥሎ እያፏጨ ሲሮጥ ነው እኛም ነገሩ የገባን። ከፊት ካለው ዳገት ጫፍ በግ የጫነ አይሱዙ ብቅ አለ፤ ክላክሱን ለቀቀው። የቤት መኪናዋ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ቀኝ ተወርውራ ከአስፋልቱ ወጣች፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራትታ አንድ ረጅም ቀይ የምስጥ ኩይሳ ሥር ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ሰውየው ወርዶ ሁለቱን እጆቹን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ለብዙ ደቂቃ ሳይናገር ቆመ። ባለቤቱ ለዘበኛው “ትናንት ማታ 4 ሰዓት ነው የገባነው፤ ልጁ ስላመመው ሌሊቱን አልተኛም” ስትል ሰማናት። በኬንያ የሰነበቱት ያለ አንዳች ጭረት ነበር።

ስለ ጋቢናም አንድ ነገር ልበል፤ እስካሁን ሲነሳ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው። የእኛ መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ፣ በኬንያ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና አልፎ ማየት አይችልም፤ የሚያይለት በጋቢና የተቀመጠው ሰው ነው። “ቆይ፣ አውቶቡስ እየመጣ ነው”፤ “አሁን ነፃ ነው፣ ውጣ” እያለ የሚያሳልፈው እሱ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የጋቢናው ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ሥራ ላይ ይውላል፤ አሽከርካሪውም ብቻውን አይሆንም። ሞያሌን እንዳለፉ ይህ ሥራ ያበቃል። አሽከርካሪው ራሱ ማየት ጀምሯል፤ ጋቢና ያለው ሰው “በቃ ተገላገልኩ” ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቆ ይተኛል። ልጆቹ ቀድመው ተኝተዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የነዳው ሰው ጨለማው ሲመጣ መኪናው ውስጥ ብቸኛው ነቂ ሆኖ ይቀራል። የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ይህን ድሮ አውቀውታል፤ ረዳቱ ጎማ ለመቀየር ብቻ አይደለም የሚቀጠረው፣ ሌሊቱን ሲያወራና ሲጠይቅ ሾፌሩን ነቅቶ እንዲያቆየውም ጭምር ነው። ረዳት ሲተኛ ያገኘ ሾፌር ምን እንደሚለው ያውቃሉ፤ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

በዚህ መስመር ስለ ጫት ሳይነሣ አይታለፍም። ከሜሩ በኩል ኢሲዮሎ ላይ፣ በእኛም በኩል በየከተማው ይሸጣል፤ ብዙ ሰው እንቅልፍ ማባረሪያ አድርጎ ያየዋል። ጫት ድካምን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፤ ምርቃናው ሲበርድ የተሸፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ እስከዚያው ድረስም የተመረቀነ አሽከርካሪ ከሚገባው በላይ በራሱ ይተማመናል። ቡና ከዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለመሥራት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ጥላ ያለበት ቦታ ቆሞ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ወዲያው ወንበር ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ማሸለብ ነው፤ የቡናው ኃይልና የእንቅልፉ ዕረፍት አብረው ይደርሳሉ። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ፊትን በውኃ ማራስ ለጥቂት ደቂቃ ከማታለል አያልፉም። የሰው ሰውነት በተፈጥሮው የሚዝለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትና ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊት ተነሥቶ ለሞያሌ የሚጣደፍ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሰዓቶች መሪ ላይ ያሳልፋቸዋል።

ከሞያሌ በኋላ ያለው መንገድም የደከመ ሰው የሚነዳው ዓይነት አይደለም። ከሜጋ እስከ ያቤሎ ባለው የቦረና ሜዳ ከብት፣ ግመልና ፍየል አስፋልቱን እንደ ግቢያቸው ይቆጥሩታል፤ ማታ ደግሞ አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ስለሚይዝ እላዩ ላይ የሚተኛ እንስሳ ያጋጥማል። ጥቁር ግመል በጨለማ ውስጥ እግሩ ብቻ ነው በመብራት የሚታየው። ከቡሌ ሆራ ወደ ይርጋ ጨፌ ሲወጣ ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ ደረቁ ሜዳ ያልቅና በቡናና በእንሰት መካከል የሚጠማዘዝ፣ በነሐሴና በጳጉሜ ጭጋግና ዝናብ የማይለየው ዳገትና ቁልቁለት ይጀምራል። የጌዴኦ ገጠር ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ስለሆነ በመንገዱ ዳር እግረኛ የማይታይበት ሰዓት የለም። ይህ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ውብ ምድር ነው፤ በቀን፣ ዓይንን ገልጦ ሊያልፉበት ይገባል።

ታዲያ ሰው ይህን እያወቀ ለምን ይጣደፋል? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፈቃዱ አልቋል፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት አለበት። ሽልንጉ አልቋል፤ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ የተያዘው ሁሉ ሞምባሳ ላይ ለአሸዋውና ለዓሣው ወጥቷል፤ አንድ ተጨማሪ አዳር ማርሳቢት ላይ እንደ ብክነት ይታያል። ልጆቹ ሰልችቷቸዋል። ከሁሉም በላይ ዕረፍቱ በልብ ውስጥ ያለቀው መኪናው ሲነሣ ነው፤ መመለሻው ከዕረፍቱ የተቆረጠ ቀን ሳይሆን የሚታለፍ ጣጣ ተደርጎ ይታሰባል። ለዚህ ነው ምክሬ ከመነሻው የሚጀምረው፦ ከአዲስ አበባ ሳይወጡ በፊት የመመለሻውን አዳሮች ገንዘብ በፖስታ ለይተው ያስቀምጡ፤ ፈቃድ ሲጠይቁም ከገቡ በኋላ ቤት የሚያርፉበትን አንድ ቀን ጨምረው ይጠይቁ። መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛው 1,500 ኪሎ ሜትር ነድቶ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ቢገኝ ምንም እንደማይጠቅማቸው ቢያስቡበት መልካም ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ እኛ የለመድነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከናይሮቢ ማርሳቢት ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ነግቶ ተነሥቶ ሳይመሽ ይገባል፤ ማርሳቢት ከበረሃው መሐል ቀዝቃዛ ተራራ ስለሆነች እንቅልፍ ይወስዳል። በማግስቱ እስከ ሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚቀር ኬላው ላይ በቀን ይደረሳል፤ ጉዳዩ ቶሎ ካለቀ በብርሃን ያቤሎ መግባት ይቻላል፤ ካላለቀ ሞያሌ ማደር ነው። ሦስተኛው ቀን ሐዋሳ ያደርሳል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ማን እንደሚነዳው እንኳ አያጨቃጭቅም። ባሕሩን ማየት ለሚፈልግ ሌላም መላ አለ፦ መኪናውን ናይሮቢ ላይ አስተማማኝ ቦታ አቁሞ ወደ ሞምባሳ በባቡር መውረድ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ባቡር በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ያደርሳል፤ በከባድ መኪና የተጨናነቀውን የ480 ኪሎ ሜትር መንገድ በደርሶ መልስ ያስቀራል፤ ልጆችም ከመኪናው ይልቅ ባቡሩን ይወዱታል።

ይህ ሁሉ ለአንዳንዱ ወጣት አሽከርካሪ የሽማግሌ ፍርሃት ይመስለው ይሆናል። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶቻችንን ያስታውስ። ጎሕ ሳይቀድ ይነሡ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ የደረሱበት ከተማ ያድሩ ነበር፤ የሌሊት ጉዞ ክልክል ነበር። መንገደኛው “ለምን አንቀጥልም?” ብሎ ያጉረመርም ይሆናል፤ ሾፌሩ ግን መኪናውን ቆልፎ ወደ አልጋው ይሄድ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የከባድ መኪና አሽከርካሪ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ፣ በመደበኛው ቀንም ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ሕግ ያስገድደዋል። ሥራው ማሽከርከር የሆነ ሰው እንዲህ ከተከለከለ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ከርሞ በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው 15 ሰዓት እንዲነዳ የሚያስችለው ምን የተለየ ኃይል አለው?

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ልምጣ። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሊያደርጓቸው የሚችሉ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የቀኝ መንገድ ማስታወሻው ኬላው ላይ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር፣ ከሞያሌ እስከ ያቤሎና ከዚያም አልፎ በየሆቴሉ፣ በየነዳጅ ማደያውና በየመቆሚያው መውጫ ላይ አስፋልቱ ላይ ትልቅ ቀስት ቢቀባ፣ አጠገቡም “በቀኝ ይንዱ” የሚል ሰሌዳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ቢተከል እጅግ ይጠቅማል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ የውጭ ጎብኚዎች በሚበዙባቸው መንገዶች ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ቀስቱ የሚቀባው ሰው ከቆመበት በሚነሣበት ቦታ ነው። የኛም የኬንያም አሽከርካሪዎች በሞያሌ ስለሚተላለፉ ሰሌዳው የሚያገለግለው ለሁለቱም ነው። ከዚህ ሌላ በሞያሌና በሐዋሳ መካከል ባለው 500 ኪሎ ሜትር ውስጥ መብራት፣ ጥበቃና መጸዳጃ ያላቸው የማረፊያ ቦታዎች ያስፈልጋሉ። ዛሬ ደክሞት 20 ደቂቃ ሊያሸልብ የፈለገ ሰው የሚያቆምበት የታወቀ ቦታ ስለሌለው፣ ባልታወቀ ስፍራ ከመቆም እያንቀላፋ መንዳትን ይመርጣል።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም እንዲሁ። በመኪናው ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው ለሦስተኛ ወገን ጉዳት የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያን) ቢጫ ካርድ ከኢንሹራንሱ ማውጣት አለበት፤ ስለዚህ እነዚህ ቤተሰቦች ሁሉ ከመሄዳቸው በፊት የሚገኙበት አንድ ጠረጴዛ ቢኖር ይህ ነው። ካርዱን ሲሰጡ አብረው አንዲት ቅጠል ወረቀት ቢያስይዙ፣ በላይዋም ርቀቶቹ፣ የሚታደርባቸው ከተሞችና ስለ ግራና ቀኙ ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ቢሰፍር፣ ወጪው ከአንድ የተሰበረ የፊት መስታወት ካሳ አይበልጥም።

የፀጥታውን ጉዳይ ሆን ብዬ አላነሣሁትም፤ በቦረናና በጉጂ በኩል የሚያልፍ ሰው በዕለቱ መንገዱ እንዴት እንደዋለ የአካባቢውን ሰው፣ የትራንስፖርት ማኅበራትንና ፖሊስን ሳይጠይቅ መነሣት እንደሌለበት ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ይህም በራሱ በቀን ለመጓዝ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ነዳጅን በተመለከተ ደግሞ፣ በእኛ በኩል የሚከፈለው በሞባይል ስለሆነና በደቡብ ከተሞች ማደያ ላይ ሰልፉ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከኬንያ በኩል ሙሉ ታንክ ይዞ መግባት ይሻላል።

ለጋዜጣዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት የሞያሌ ኬላ የሥራ ሰዓት፣ የመንገዱ ሁኔታና የሚታደርባቸው ከተሞች ዝርዝር በጋዜጣው አንድ ጥግ በየሳምንቱ ቢወጣ፣ እኔና ይህን መንገድ የሚመላለሱ ወዳጆቼ መረጃውን በማሰባሰብ ለመተባበር ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
አዲስ አበባ፣ ነሐሴ